ለስንብት የምመርጠው መርከብ፦ ከካድኮይ እስከ ኤሚኖኑ

ኢስታንቡል ውስጥ ለዓመታት ኖሮና ሠርቶ ወደ አገሩ ለሚመለስ ሰው፣ ከከተማው ነዋሪ ወዳጁ ጋር የሚሰነባበትበትን ቦታ መምረጥ ሻንጣ ከመሸከፍ የማይተናነስ ሥራ ነው። ምግብ ቤቱ፣ ሻይ ቤቱ፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ የወዳጅ ቤት ሳሎን ሁሉም በየተራ ይታሰባሉ። እኔ በዚህ ግምገማ የማቀርበው ለስንብት ተብሎ ያልተዘጋጀ፣ ሆኖም ከሁሉም የተሻለ ሆኖ ያገኘሁትን አገልግሎት ነው፤ ይኸውም በእስያው ዳርቻ ካለው ካድኮይ ተነሥቶ፣ የቦስፎረስን ደቡባዊ አፍ አቋርጦ፣ በአውሮፓው ዳርቻ ኤሚኖኑ የሚደርሰው የከተማው የመንገደኞች መርከብ ነው። የአገሩ ሰው ቫፑር ይለዋል፤ እኔም ከዚህ በኋላ በዚሁ ስም እጠራዋለሁ።

ቫፑሩን የሚያስኬደው የኢስታንቡል ከተማ አስተዳደር የሆነው ሸሂር ሃትላሪ የተባለ ድርጅት ሲሆን፣ ታሪኩን የሚቆጥረው በኦቶማን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1851፣ ከተቋቋመው የመርከብ ኩባንያ ጀምሮ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በቦስፎረስ ላይ የመጀመሪያው ድልድይ የተከፈተው በ1973 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ከአንዱ አህጉር ወደ ሌላው መሻገር ማለት ውሃ ላይ መውጣት ማለት ነበር። ዛሬ ድልድዮቹ ሦስት ሆነዋል፤ በ2013 ሥራ የጀመረው ማርማራይ የተባለው ባቡርም ከባሕሩ ወለል በታች አልፎ ከኡስኩዳር ሲርኬጂ በጥቂት ደቂቃዎች ያደርሳል። ይህ ሁሉ አማራጭ እያለ ሰው ቫፑሩን አልተወውም። ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ የገበያ ዘንቢል ያንጠለጠለው ሁሉ ጠዋትና ማታ ይሳፈርበታል፤ ለቱሪስት ብቻ ከተዘጋጀ መዝናኛ የሚለየውም ይህ ነው።

ወዳጄ በላሌሊ ሠፈር ልብስ በጅምላ ወደ ውጭ በሚልክ አንድ ንግድ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ በዚያው ቤት ከአዲስ አበባ፣ ከናይሮቢና ከካምፓላ የሚመጡ ነጋዴዎችን አስተናግድ ነበር። ላሌሊን የእኛ አገር ነጋዴ በሚገባ ያውቀዋል፤ በመርካቶና በቦሌ ሱቆች የሚሰቀል ልብስ ከሚገዛባቸው ሠፈሮች አንዱ ነው። ሁለታችንም የምንኖረው በካድኮይ በኩል ስለነበር፣ ጠዋት በቫፑር ኤሚኖኑ ደርሰን ከዚያ በትራም ወደ ላሌሊ እንወጣ ነበር። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እንደ አገሩ ወግ «አብላ» እያልኩ እንደ ታላቅ እህት እጠራቸው ነበር፤ እሳቸውም ካርዴሺም ይሉኝ ነበር፣ ወንድሜ እንደ ማለት ነው። ቢሮ ውስጥ ሥራ እንጂ ወሬ አይወዱም፤ ወዳጅነታችን የተሠራው በዚያች የጠዋት መንገድ ላይ ነው። ቱርክኛ ያስተማሩኝም፣ ስለ ቤቴ የጠየቁኝም፣ የእናቴን መታመም የሰማሁ ሰሞን ሻይ ገዝተው አጠገቤ ዝም ብለው የተቀመጡትም እዚያው ነው። ስለዚህ የመሄጃዬ ቀን ሲቃረብ የምንሰነባበትበትን ቦታ ከሌላ ስፍራ መፈለግ አላስፈለገንም።

ይህን ምርጫ ከሌሎቹ ጋር ማነጻጸር ለአንባቢ ይጠቅማልና ስለ አውሮፕላን ማረፊያው ላስቀድም። በእኛ ዘንድ መንገደኛን እስከ ቦሌ መሸኘት ትልቅ ወግ ነው፤ ቤተሰቡና ጎረቤቱ መኪና ሞልቶ ይወጣል፣ እዚያው ቆሞ ያለቅሳል፣ ይመርቃል። ያን ልማድ ይዞ የኢስታንቡሉን ወዳጅ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ማስቸገር ግን ተገቢ አይመስለኝም። በ2018 ተመርቆ በ2019 ሙሉ በሙሉ ሥራ የጀመረው አዲሱ ማረፊያ ከከተማው በስተሰሜን፣ ጥቁር ባሕር አጠገብ ያለ ሲሆን፣ ከካድኮይ ለሚነሣ ሰው የድልድዩን መጨናነቅ ጨምሮ ረጅም መንገድ ነው። ሸኚው በሩ ላይ ተፈትሾ ወደ አዳራሹ መግባት ይችላል፤ ከገባ በኋላ ግን የመንገደኛው ሐሳብ በሻንጣው ኪሎ፣ በሰልፉና በፓስፖርቱ ላይ ስለሚሆን ወዳጅ አጠገቡ ቆሞ እያለ እንኳ አያየውም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ መንገደኛው ከተሸኘ በኋላ ያ ሰው በእኩለ ሌሊት ብቻውን ያን ሁሉ መንገድ መመለሱ ነው።

ምግብ ቤቱ የተሻለ ነው፤ የካድኮይ ገበያ ውስጥ ያሉት የዓሣና የሥጋ ቤቶች ለማንኛውም ግብዣ የሚበቁ ናቸው። ነገር ግን ቱርክም እንደ እኛ ነው፤ እንግዳ ከከፈለ ባለቤት ያፍራል፣ ባለቤት ከከፈለ ደግሞ ሂያጁ ባለዕዳ ሆኖ ይሄዳል፣ «በሞቴ» እየተባባሉ በሒሳብ መታገል የመጨረሻው ትዝታ ሊሆን አይገባውም። ሌላም ነገር አለ። ገበታ ላይ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ መጨረሻውን የሚወስነው ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ነው። ማን ይነሣ? ማን «በቃ እንሂድ» ይበል? ይህን ቃል ከወዳጁ ቀድሞ መናገር ለሁለቱም ከባድ ነው።

ቫፑሩ ይህን ጭንቀት ያስቀራል። ጉዞው 20 ደቂቃ ያህል ነው፤ ሲጀምርም ሲያበቃም ማንንም አያማክርም። ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ውጭ ስለሚያዩ፣ ዓይን ለዓይን መገጣጠም የሚያስለቅስ ቢሆን እንኳ ፊትን ወደ ባሕሩ መመለስ ማንንም አያስቀይምም። ዝም ማለትም ይቻላል፤ የሞተሩ ድምፅና የወፎቹ ጩኸት ዝምታውን ይሸከሙታል። ሻይ በብርጭቆ የሚያዞር አስተናጋጅ አለ፤ በብርዱ ወቅት ሳሌፕ የሚባለው ትኩስ የወተት መጠጥም ይገኛል። የሚከፈለው ገንዘብ ትንሽ ስለሆነ አንዱ ሻይ ቢገዛ ሌላው ሲሚት፣ ማለትም ሰሊጥ የተነሰነሰበትን የቀለበት ዳቦ፣ ይገዛል፤ ሁለቱም ጋባዥ ሆነው ይለያያሉ። እኔ በግሌ ከአገልግሎቱ ሁሉ የማደንቀው ይህን እኩልነት ነው።

የት እንደሚቀመጡ ማወቅ ለውጥ ያመጣል። ከካድኮይ ሲነሡ በግራ በኩል የማርማራ ባሕርና አሮጌው ከተማ ይታያሉ፤ መርከቡ እየቀረበ ሲሄድ የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ያለበት ወደ ባሕር የወጣ የመሬት አፍንጫ፣ የአያሶፍያና የሱልጣን አህመድ መስጊድ ጉልላቶች እየጎሉ ይመጣሉ፣ አመሻሽ ላይም ፀሐይ የምትጠልቀው ከእነሱ ጀርባ ነው። ለፎቶግራፍ የሚመረጠው ይህ ጎን ነው። ለስንብት ግን ቀኙን እመርጣለሁ። በቀኝ በኩል መጀመሪያ የሃይደርፓሻ ባቡር ጣቢያ፣ ቀጥሎ የወደብ ክሬኖቹ፣ ከዚያ ፍሎረንስ ናይቲንጌል በክራይሚያው ጦርነት ጊዜ ቁስለኞች ያስታመመችበት የሰሊሚዬ ጦር ሠፈር፣ በመጨረሻም ከኡስኩዳር ፊት ለፊት ውሃ ላይ የቆመችው ትንሿ የልጃገረድ ግንብ ይታያሉ። እነዚህ ሰዎች የመጡባቸውና የሄዱባቸው ቦታዎች ናቸውና የሚያወሩት ነገር አያሳጡም።

ሃይደርፓሻ በ1908 የተከፈተ፣ ጀርመኖች የነደፉት ትልቅ ጣቢያ ነው። ከአናቶሊያ ገጠሮችና ከተሞች ሥራ ፍለጋ የመጣው ሕዝብ ለአሥርት ዓመታት ከባቡር የወረደው እዚያ ሲሆን፣ ከደረጃው ላይ ቆሞ ኢስታንቡልን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየውም ከባሕሩ ማዶ ነበር። አብላም ከነዚያ አንዷ ናቸው። በ1970ዎቹ በልጅነታቸው ከሲዋስ ከወላጆቻቸው ጋር መጥተው፣ ከዚያ ደረጃ ወርደው ቫፑር እንደተሳፈሩ ደጋግመው ነግረውኛል፤ በስንብታችን ዕለት ግን እስከዚያ ያልነገሩኝን ጨመሩልኝ። እናታቸው ሲዋስን ሲለቁ የዘጉትን የቤታቸውን በር ቁልፍ አንገታቸው ላይ አስረው መምጣታቸውንና ቁልፉን እስከ ዕለተ ሞታቸው አለማውለቃቸውን ነገሩኝ። እኔ ወደ አገሬ ልመለስ ስዘጋጅ እሳቸው ያልተመለሱበትን አገር አስበው ኖሯል። ጣቢያው ፊት ለፊታችን ባይታይ ኖሮ ይህን ወሬ ያነሡት ነበር ብዬ አላስብም፤ የቫፑሩ ዋጋ ከምን እንደሚመጣ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ የለኝም።

እኔም በተራዬ ለእሳቸው የምነግረው ነበረኝ። ካድኮይ የጥንቷ ኬልቄዶን ናት። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ የሆነ ሁሉ የዚህችን ከተማ ስም ሳያያት በፊት ያውቀዋል፤ በ451 በንጉሥ መርቅያን ትእዛዝ ጉባኤው የተሰበሰበባት፣ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ዲዮስቆሮስ የተወገዘባትና ቤተ ክርስቲያናችን ከግብፅ፣ ከሶርያና ከአርመን አብያተ ክርስቲያናት ጋር ሆና ውሳኔዋን ያልተቀበለችባት ከተማ ናት። ዲዮስቆሮስ የተጋዘባት ጋግራም በዚሁ በቱርክ ምድር ያለችው የዛሬዋ ቻንክሪ ናት። ጉባኤው የተካሄደበት የቅድስት ኤውፌምያ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የለም፤ በስሟ የሚጠራ የግሪኮች ቤተ ክርስቲያን ግን በካድኮይ ገበያ መካከል ይገኛል፣ በሃይደርፓሻ ሐዲዶች ሥር በተካሄደው ቁፋሮም የጥንቷ ከተማ ቅሪቶች ወጥተዋል። አብላ በዚያ ገበያ ዕድሜያቸውን ሙሉ አትክልት ሲገዙ ኖረው፣ አጠገባቸው ያለችው ቤተ ክርስቲያን የእኔን አገር ቤተ ክርስቲያን ከሌሎች የለየው ጉባኤ የተካሄደበትን ቤት ስም እንደምትሸከም ሲሰሙ እጅግ ተገረሙ። በልጅነቴ ክፉ ሆኖ የሰማሁት ስም እሳቸው ስለሚኖሩበት የሚወደድ ሆኖብኛል ብዬ ነገርኳቸው፤ ይህንንም በሙሉ ልቤ ነው የተናገርኩት። እሳቸው ደግሞ እንደ ብዙ ቱርኮች ሁሉ ሐበሻን የሚያውቁት በቢላልና ስደተኞቹን በተቀበለው በነጃሺ ነበር፤ የመጀመሪያ ዕለት የተዋወቅን ጊዜ የጠየቁኝም ስለ እነሱ ነው።

ቫፑሩ መሀል ሲደርስ፣ የልጃገረዷ ግንብ በቀኝ እያለች፣ አብላ ሻያቸውን አስቀምጠው እኔ ያልጠበቅኩትን የአገራቸውን ወግ ፈጸሙ። ቱርኮች ረጅም መንገድ ሲሄዱ፣ ልጅ ወታደር ሲሆን፣ ሰው ሐጅ ሲነሣ፣ አንዱ በሌላው ላይ ያለውን መብት ሁሉ እንዲተውለት ይጠይቃል፤ የበላሁልህን፣ የጎዳሁህን፣ ሳልመልስልህ የቀረሁትን ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት አትጠይቀኝ እንደ ማለት ነው። ተጠያቂውም ይተውና መልሶ ይጠይቃል። የእኛም ሙስሊሞች ሐጅ ከመሄዳቸው በፊት ጎረቤቱን ሁሉ «አውፍ በሉኝ» ይላሉ፤ ክርስቲያኑም ሊቆርብ ሲል «ይቅር ለእግዚአብሔር» ያሰኛል። እሳቸው በእኔ የሽያጭ ደረሰኞች ላይ ስንት ጊዜ ተቆጥተው መልሰው እንዳሠሩኝ አነሡና ተውልኝ አሉኝ፤ እኔም እሳቸው የገዙልኝን ሻይና ያካፈሉኝን እንጀራ፣ ያስታመሙልኝን ናፍቆት አነሣሁ። ይህ ሁሉ የተከናወነው ተማሪዎች በሚስቁበት፣ ሕፃን ለወፍ ሲሚት በሚወረውርበት ወንበር ላይ ነው፤ ማንም ዘወር ብሎ አላየንም። በሰው መካከል ሆኖ ለብቻ መሆን የሚቻልበት ቦታ በትልቅ ከተማ ውስጥ ብርቅ ነው።

ስለ አቅጣጫው ብዙ አስቤአለሁ። የእኔ ሐሳብ ወደ ካድኮይ ተጉዘን እሳቸውን ቤታቸው አጠገብ አድርሼ ብቻዬን እንድመለስ ነበር። አብላ አልፈቀዱም፤ እንግዳን መሸኘት የባለቤት ድርሻ ነው ብለው ከካድኮይ አብረውኝ ተሳፍረው ኤሚኖኑ ድረስ መጡ። ወደቡ ላይ ሁሉም ተሳፋሪ መውረድ አለበት፤ የሚመለስ ሰው ወጥቶ፣ ካርዱን አስነክቶ፣ በመግቢያው ብረት አልፎ እንደገና ይገባል። እኔ ከብረቱ ውጭ ቆምኩ፤ እሳቸው ገቡ። በአውሮፕላን ማረፊያ የሚርቀው ሂያጁ ሲሆን የሚቀረው ወዳጅ ባዶ አዳራሽ ይታቀፋል፤ እዚህ ግን የሚቀሩት ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነበር፣ እኔም መርከቡ ገመዱን ፈትቶ ወደ ካድኮይ ሲያዞር በዓይኔ ሸኘኋቸው። ከዚህ የተነሣ የትኛው አቅጣጫ ይሻላል ለሚለኝ ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው፤ የመልሱ ጉዞ መድረሻ የወዳጅ ሠፈር ይሁን።

አንድ ነገር ግን ቫፑሩ ሊሰጥ አይችልም። ቱርኮች መንገደኛ ከቤት ሲወጣ፣ መንገዱ እንደ ውሃ ይፍሰስለት ብለው በስተኋላው ውሃ ያፈሳሉ። ይህ ወግ ደጃፍ ይፈልጋል። ስለዚህ ከመሳፈር በፊት የወዳጅን ቤት መሳለም ያስፈልጋል፤ የእኔን ውሃ ያፈሰሰችልኝ የአብላ ልጅ ናት፣ ከሕንፃው በር ላይ ሆና በገንቦ። ስጦታም ካለ እዚያው ቤት ውስጥ ቢሰጥ ይመረጣል። እኔ ያመጣሁትን ነጠላና ቡና፣ እሳቸው ያዘጋጁትን ዙሪያው በመርፌ ሥራ ያጌጠ ሻሽ ነፋስ ባለበት ወንበር ላይ ብንፈታ ኖሮ አያምርም ነበር።

ቫፑሩን ለዚህ ጉዳይ ለመጠቀም የሚያስብ ሰው የሚከተሉትን ቢያውቅ መልካም ነው። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት በጣም ይሞላል፤ ሁለት ሰው አብሮ የሚቀመጥበት ቦታ ማግኘትም ያስቸግራል። ከዚያ ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ መሳፈር ይሻላል፤ ምሽት ላይ ግን ጉዞዎቹ እየሳሱ ስለሚሄዱ የመጨረሻውን ሰዓት አስቀድሞ ማየት ይገባል፣ በተለይ ወዳጅ መመለስ ስላለበት። በመርከቡ ላይ ጊታርና ሳዝ የተባለውን የቱርኮች ባለ ክር መሣሪያ የሚጫወቱ ሙዚቀኞች ይገባሉ፤ ዘፈኑ መልካም ቢሆንም ጨዋታን ያቋርጣል፣ ፀጥታ የሚሻ ሰው ወደ ላይኛው ክፍት ወለል ቢወጣ ይሻለዋል። እዚያ ደግሞ በሙቀቱ ወራትም ቢሆን ነፋሱ ብርቱ ነውና ለአረጋውያን የውስጡ አዳራሽ ይመረጣል። መሻገሪያው ሳንቃ ከመርከቡ ጋር ስለሚወዛወዝ ሽማግሌን እጅ ይዞ ማሻገር ያስፈልጋል። ሎዶስ የሚባለው የደቡብ ነፋስ ሲነሣና ጭጋግ ሲወርድ ጉዞዎች ይሰረዛሉ፤ ይህ በብርዱ ወራት የተለመደ ስለሆነ ስንብቱን ለመጨረሻዋ ምሽት አለማቆየት ብልህነት ነው። ሻንጣ ይዞ መምጣትም አልመክርም፤ ከበረራው በፊት ባለው ቀን ባዶ እጅ ቢሆን እጅና ሐሳብ ነፃ ይሆናሉ። ከሁለቱ ዳርቻዎች የሚነሡ የግል ጀልባዎችም አሉ፤ ፈጣኖች ቢሆኑም ጠባብ ናቸው፣ ለዚህ ጉዳይ የምፈልጋቸው አይደሉም። ማርማራይማ ጨለማ ውስጥ አልፎ ጨዋታው ሳይጀመር ያደርሳል።

ሃያ ደቂቃ አያንሰንም ወይ ለሚሉ፣ በተለይ ቤተሰብ ሆነው ለሚሰነባበቱ፣ ከዚያው ከኤሚኖኑ የሚነሣው የቦስፎረስ ረጅም ጉዞ አለላቸው። መርከቡ በሁለቱም ዳርቻ ያሉትን መንደሮች እየነካ ወደ ጥቁር ባሕር አፍ ተጠግታ እስካለችው አናዶሉ ካቫ ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይጓዛል፤ እዚያም ዓሣ በልቶ፣ ኮረብታው ላይ ያለውን አሮጌ ምሽግ ወጥቶ ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል። የሚነሣው በቀን ውስጥ በተወሰኑ ሰዓቶች ብቻ ስለሆነ ሙሉ ቀን መመደብ ያስፈልጋል።